ሚዛኑ ከተስተካከለ በኋላ

«ልጅዎ ስኳር ስትሸጥ፣ ሚዛኑ ከተስተካከለ በኋላ ምን ታደርጋለች?»

ጠበቃው አቶ ዘርአ ዳዊት መጀመሪያ የጠየቁኝ ይህንን ነበር። እኔ ከጎረቤላ እስከ ደብረ ብርሃን በጭነት መኪና ላይ እየተንገላታሁ መልስ ሳዘጋጅ የመጣሁት ለሌላ ጥያቄ ነው። ልጅዎ ሌባ ናት ወይ ቢሉኝ፣ አይደለችም እላለሁ። ማን ይመሰክርላታል ቢሉኝ፣ እግዚአብሔር እላለሁ። ይህንን ግን አላሰብኩትም። መልሱ ጠፍቶኝ አይደለም። የትኛው መልስ ልጄን እንደሚያስፈታት፣ የትኛው እንደሚያሳስራት ስላላወቅሁ የነጠላዬን ጫፍ መጠቅለል ጀመርኩ።

«አይጨነቁ፣ ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ» አሉኝ። «ሲሆንልዎ ይነግሩኛል።»

አይጨነቁ ማለትስ ቀላል ነው። እኔ ልጄ ገበያ ሄዳ ብትዘገይ እንኳ አጥር ላይ ተሰቅዬ መንገድ የማይ ሴት ነኝ።

ቢሯቸው ከአንድ ልብስ ሰፊ ቤት ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ነበረች። የስፌት መኪናው ድምፅ በግድግዳው ያልፋል፤ ብርዱም አብሮ ያልፋል። ከመኪናው ስወርድ መንገድ የጠየቅኋት ቆሎ ሻጭ፣ «የሌቦቹን ጠበቃ ነው የምትፈልጊው?» ብላኝ ነበር። ሌላ ጠበቃ ስለማላውቅ «አዎ፣ እሳቸውን ነው» አልኳት። እስከ በሩ ድረስ ግን ፊቴን ተሸፋፍኜ ሄድኩ።

ጉዳያችን ይህ ነው። ልጄ ወለተሐና ስምንተኛ ክፍል ጨርሳ በገበሬዎች ማኅበር ሱቅ ውስጥ ሻጭ ሆና ተቀጠረች። ጊዜው የደርግ ነው፤ ስኳር እንደ ልብ አይገኝም፤ ለየቤተሰቡ ተመድቦ ይሸጣል። ዓመቱ ሲዘጋ ሒሳብ መርማሪ ከደብረ ብርሃን መጣና ጆንያዎቹን አስመዘነ። ስኳሩ ጎድሎ ተገኘ። የጎደለውም ጥቂት አልነበረም። «የሕዝብ ሀብት ለቆላ ነጋዴ ሸጣለች» ተባለችና ተያዘች። ታስራ ከሰነበተች በኋላ የደብራችን ቄስ መምሬ ገብረ ጻድቅ ዋስ ሆነውላት ከእስር ወጣች። ልጅቷ ብትጠፋ እስር ቤት የሚገቡት እሳቸው ናቸው። ፍርዱ ከከፋ ደግሞ ስንት ዓመት እንደምትታሰር የሚነግረኝ አልተገኘም፤ የጠየቅሁት ሁሉ ዓይኑን ወደ ሌላ ያዞር ነበር።

ወደ አቶ ዘርአ ዳዊት የላኩኝም መምሬ ናቸው። «የደብራችን የገበዙ ልጅ ነው። ሰው አይጥልም» አሉኝ።

እኔ ያኔ ስለ ጠበቃ የማውቀው ነገር አልነበረም። አሁን ስለ እሳቸው ብዙ ሰምቻለሁ፤ ጥቂቱን ከራሳቸው አፍ፣ ሌላውን ከረዷቸው ሰዎች። በንጉሡ ዘመን ዐቃቤ ሕግ ነበሩ፤ ከሳሽ ማለት ነው። አንድ የመጋዘን ሠራተኛ ዕቃ አጉድሏል ብለው ከሰሱት፣ ተፈረደበት። ሰውየው ታስሮ ሳለ ዕቃው በስሕተት ከገባበት ሌላ መጋዘን ተገኘ። ሰውየው ተፈታ፤ ሚስቱ ግን አልጠበቀችውም ነበር። አቶ ዘርአ ዳዊት ከዚያ በኋላ ሥራውን ተዉና የጠበቃ ፈቃድ አወጡ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የቆሙት ለሒሳብ ሹሞች፣ ለገንዘብ ያዦች፣ ለመጋዘን ጠባቂዎች ነው። ነፍስ የገደለ ወደ ሌላ ጠበቃ ይሂድ ይላሉ፤ እሳቸው የሚይዙት ብዕርና ቁልፍ የያዘውን ነው።

ሁሉንም አያስፈቱም። በእርግጥ የወሰደ ሰውም ይመጣባቸዋል። እሱን «የወሰድከውን ያህል ብቻ ይፍረዱብህ፤ ያልወሰድከውን አትሸከምም» ይሉታል። ከታሰረም በኋላ ይጠይቁታል። ከተማው የሌቦች ጠበቃ የሚላቸው ለዚህ ነው። ስሙን ያውቁታል፤ ሲጠሩበት አይቆጡም።

በዚያች ቀን የባቄላ እሸት ይዤላቸው ነበር። እየፈለፈሉ እየበሉ የልጄን ነገር ከሥሩ ጠየቁኝ። ከዚያ እንዲህ አሉ።

«ጎደለ ማለት አንድ ነገር ነው፣ ተወሰደ ማለት ሌላ ነገር ነው። አረርቲ ላይ አንድ የነዳጅ ጠባቂ ደንበኛ ነበረኝ። ቤንዚን ጎደለበት። ከሳሾቹ ሸጧል አሉ። እኔ ሄጄ ከበርሜሎቹ አጠገብ ተቀመጥኩ። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ የበርሜሎቹ ክዳን አይገጥምም። ቤንዚኑ እየተነነ ነበር። ሰውየው ሌባ አልነበረም፤ ክዳን የሚገዛለት አጥቶ ነው።»

«የኛ አገር ግን ብርድ ነው፣ ጌታዬ። ስኳር ምን ሆኖ ይተናል?» አልኩ።

ሳቁ። «ለዚህ እኮ ነው መጥቼ ማየት ያለብኝ።»

እውነትም መጡ። ጎረቤላ በዚያ ቀን ጉም ለብሳ፣ ሰው ከጎረቤቱ አጥር ወዲያ አይታይም ነበር። እሳቸው ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው በቀጥታ ወደ ማኅበሩ ሱቅ ገቡ። በልጄ ቦታ የተተካው ወልደተንሣኤ የሚባል የልጆች አባት ነው። ጠበቃ መሆናቸውን አላወቀም። ከእሱም ጨው ገዙ። ከዚያ ወደ ቤቴ ሲመጡ እንደ ልጅ ደስ ብሏቸዋል። የጨው ጥቅላቸውን መደቡ ላይ አስቀመጡና፣

«ጨመረልኝ!» አሉ። «ሳልጠይቀው! ሚዛኑ ከተስተካከለ በኋላ እጁን ወደ ጆንያው ሰደደና አንድ እፍኝ ጨመረልኝ!»

እኔና ወለተሐና ተያየን። በአገራችን ሻጭ መዝናም ሆነ ሰፍራ ስትጨርስ ከላይ አንድ እፍኝ ታክላለች። ምራቂ እንለዋለን። ምራቂ ያልተደረገላት ገዢ ዕቃዋን አታነሣም፤ ብታነሣም ሻጯን በየቤቱ ስታማት ትውላለች። እኔ ራሴ ጌሾና ሽንኩርት ስሸጥ የኖርኩት እንዲህ ነው፤ ልጄም በጀርባዬ ታዝላ እያየች ነው ያደገችው።

«ወለተሐና» አሉ አቶ ዘርአ ዳዊት፣ «አንቺስ?»

«ለሁሉም» አለች ልጄ ቀስ ብላ። «ለሁሉም አደርግ ነበር። ስኳር ተወዷል፣ ልጆች አሏቸው። የሚዛኑን ብቻ እንዴት እሰጣለሁ? የራሴን ድርሻ እንኳ ስወስድ ምራቂ አላደረግሁም፤ ለራስ አይደረግማ።»

«አንቺ ልጅ፣ የሕዝብ ሀብት በተንሁ እያልሽ እኮ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

«አዎ» አሉ ጠበቃው። «ፍርድ ቤትም ልትለው የሚገባት ይኸው ነው። ወሰድኩ አትልም፣ ምክንያቱም አልወሰደችም። አላውቅም አትልም፣ ምክንያቱም ታውቃለች። ሰጠሁ ትላለች። ለራስ ጥቅም መውሰድና ባለማስተዋል መስጠት በሕጉ አንድ አይደሉም።»

«እንግዲያው ወልደተንሣኤን ይጥሩታ! እሱም ያደርጋል፣ አሁን አይተዋል!» አልኳቸው።

ጥቅሉን አንሥተው ኪሳቸው ከተቱት። «እሱን አልጠራም። ብጠራው ነገ በልጅዎ ቦታ የሚቆመው እሱ ነው። ደንበኛዬ አይደለም፤ ግን ልጅዎን ላወጣ ብዬ ሌላ ሰው አላስገባም። የተቀበሉ ገዢዎች ያስፈልጉኛል። ገዢ ሲጨመርላት ብትቀበል ሕግ አይይዛትም። እነሱን ይፈልጉልኝ።»

ያን ቀን አኩርፌአቸዋለሁ። አሁን ሳስበው ግን፣ ከሁሉ ይበልጥ የማመሰግናቸው ያችን ጨው ኪሳቸው ስለ ከተቱ ነው።

ገዢዎቹን የት እንደማገኛቸው አውቃለሁ። ከቀትር በኋላ በመሠረተ ትምህርት ክፍል አብረን እንማራለን። እኔ ያኔ ፊደል ቆጥሬ ጨርሼ ቃል መገጣጠም ጀምሬአለሁ። አስተማሪው ሰሌዳውን ጠርጎ ከወጣ በኋላ በሩ ላይ ቆምኩና፣ «እኅቶቼ፣ ወለተሐና ምራቂ ያላደረገችላት አለች?» አልኩ።

ሁሉም ፊደል ገበታቸው ላይ አቀረቀሩ። እንደዚያን ቀን ተማሪ ሆነን አናውቅም።

«ለተ» አለች አንዷ በመጨረሻ፣ «ተቀብያለሁ ብንል፣ የሕዝብ ስኳር በላችሁ ብለው ቢከቱንስ?»

«ጠበቃው ሕግ አይይዛችሁም ብለዋል።»

«ጠበቃው የማን ጠበቃ ናቸው? የሌቦች አይደሉም?»

የመምሬ ገብረ ጻድቅ ሚስት ተነሥታ ፊቴ ቆመች። «ባሌ ለልጅሽ ዋስ ሆኗል፤ አሁን ደግሞ እኔን ትፈልጊያለሽ? ቤቴን በሙሉ ልታስገቢው ነው?» አለችኝና በአጠገቤ አልፋ ወጣች። ሌሎቹም ተከትለዋት ወጡ።

በገበያ ቀን ዙቤዳ መጣች። ዙቤዳ የአልዩ አምባ ነጋዴ ናት፤ በርበሬና ጥጥ ይዛ ትወጣለች፣ ከእኛ ባቄላና ገብስ ይዛ ትወርዳለች፤ ከማኅበሩም ሱቅ የስኳር ድርሻ ተመድቦላታል። ልጄ ስኳር ሸጠችላቸው ከተባሉት የቆላ ነጋዴዎች አንዷ እሷ እንደሆነች ሰው ሁሉ ያማታል።

«አንቺ ለተ፣ ከስተሽ ችካል መሰልሽ እኮ!» አለችኝ። የሆነውን ነገርኳት። በርበሬዋን እየደለደለች ሰማችኝና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ልጅቷን ስጪኝ። ከግመል ነጋዴዎች ጋር አፋር ምድር ትገባለች፤ ከዚያ ጅቡቲ እኅቴ አፊፋ አለች። ወላሂ እንደ ልጄ ነው የማደርሳት። አንዴ ከወረደች ማን ያገኛታል?»

እውነቱን ልጻፍ፤ ደስ አለኝ። እየሮጥኩ ቤት ገብቼ ለወለተሐና ነጠላዋንና ጫማዋን አዘጋጀሁ።

«መምሬስ?» አለችኝ።

«መምሬ ሽማግሌ ናቸው፣ ቄስ ናቸው፣ አይጨክኑባቸውም…»

«እማ።»

«እሺ፣ እኔ እገባላቸዋለሁ!»

«እማዬ፣ ከሄድኩ ስኳሩን የወሰድኩት እኔ ነኝ ማለት ነው። ጅቡቲም ብሆን እኔው ነኝ። ጠበቃው ያልኩትን ፍርድ ቤት በይው ብለውኛል፤ እለዋለሁ።»

ተመልሼ ለዙቤዳ አትሄድም አልኳት። ዙቤዳ በርበሬዋን ትታ ቀና አለች። «እምቢ አለች? ለዚያ ለቄስ ብላ?» ከዚያም «ችሎቱ መቼ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ለምን እንደጠየቀችኝ አልገባኝም፤ ቀኑን ነገርኳት።

በችሎቱ ቀን ደብረ ብርሃን ውርጭ ጥሎባት ነበር። በፍርድ ቤቱ በር ላይ የዕለቱ ጉዳዮች ተለጥፈዋል። ሰው ጠይቄ ላውቅ ስል፣ ሳላስበው ዓይኔ ራሱ አነበበው። ወ፣ ለ፣ ተ፣ ሐ፣ ና። ከመጽሐፍ ውጭ ያነበብኩት የመጀመሪያ ቃል የልጄ ስም ሆነ፤ ያውም ከ«ተከሳሽ» ሥር።

አቶ ዘርአ ዳዊት ያ ኮታቸው ላይ ክራቫት ጨምረዋል። «ምስክር አገኘን?» አሉኝ። «አላገኘንም» አልኩ። በዚያው ቅጽበት ከበስተኋላዬ «አሰላሙ ዓለይኩም!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዙቤዳ ነበረች። ከአጠገቧ ደግሞ ቁጣዋ ገና ያልበረደላት የመምሬ ሚስት።

«እንዳታመሰግኚኝ» አለችኝ የመምሬ ሚስት። «ለባሌ ብዬ ነው የመጣሁት። ይህች እስላም ቤቴ ድረስ መጥታ፣ ባልሽ ዋስ ሆኖ ሳለ ቤትሽ ተቀምጠሽ ጠላሽ እንዴት ይጣፍጥሻል ስትለኝ ምን ልበል?»

«ጠላሽን ቀምሼው አላውቅም፣ አላህ ይጠብቀኝ» አለች ዙቤዳ። «ግን አይጥምሽም አልኳት።»

ወለተሐና ቃሏን ሰጠች። «አልወሰድኩም። ለገዢዎች ምራቂ አደርግ ነበር። አይፈቀድም ያለኝ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም።» ዐቃቤ ሕጉ ፈገግ አለ። እኔ ወንበሬን ጨበጥኩ።

ከዚያ ዙቤዳ ቆመች።

«ከዚህ ሱቅ ስኳር ገዝተሽ ወደ ቆላ አውርደሻል?» አላት ዐቃቤ ሕጉ።

«ድርሻዬን አውርጃለሁ። እኔ ቆላ ነኝ፤ የት ላውጣው?»

ሰው ሳቀ። ዳኛው ጠረጴዛውን መቱ።

«ከሚዛን በላይ ተቀብለሻል?»

«አንድ እፍኝ። ባትጨምርልኝ እሰድባት ነበር። ጌታዬ፣ እርስዎን ባለቤትዎ ገበያ ልከውዎት አያውቁም?»

የመምሬ ሚስትም አንድ እፍኝ አለች። ለጎረቤቶቿም ሲደረግ አይታለች። ዐቃቤ ሕጉ ግን ተነሣና፣ «ክቡር ዳኛ፣ አንዷ ተጠርጣሪ ነጋዴ ናት፣ አንዷ የዋሷ ሚስት ናት። ተስማምተው የመጡበት ነው» አለ። ዳኛው ጻፉ። የብዕሩን ድምፅ እስካሁን እሰማዋለሁ።

አቶ ዘርአ ዳዊት በዝግታ ተነሡ። ለማስረጃ ተብሎ ከሱቁ የመጣ ሚዛንና የተጀመረ የስኳር ጆንያ በችሎቱ ጥግ ተቀምጧል። «ክቡር ዳኛ፣ ይፈቀድልኝና ተከሳሿ አንድ ኪሎ ትሸጥልኝ» አሉ። ዐቃቤ ሕጉ ተቃወመ። ዳኛው ግን በጉጉት ወደ ሚዛኑ ሲያዩ አየኋቸው። «ትሽጥ» አሉ።

ጠበቃው ምራቂ የሚለውን ቃል አላነሡም። እንዲህ አድርጊም አላሏትም። ልጄ የሚዛኑን ድንጋይ በአንድ ወገን አኖረች፣ በሌላው ስኳር ጨመረች፣ ትንሽ ቀነሰች። ሚዛኑ ተስተካከለ። እሷም ስኳሩን ወረቀት ላይ ገለበጠችና፣ ልክ እንደ ሁልጊዜው፣ እጇ ራሷን ችላ ወደ ጆንያው ተመለሰች። እፍኙን ከላይ አፈሰሰችው። ከዚያ የት እንዳለች ትዝ አላትና ፊቷ በኀፍረት ቀላ።

«ለጸሐፊውም ሽጭላቸው» አሉ አቶ ዘርአ ዳዊት። ሸጠች። አሁን እያወቀችም እጇን ልትይዛት አልቻለችም፤ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመች፣ ጨመረች። ዳኛው አፋቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ።

እፍኙን ለብቻው የመዘነው ለምስክርነት የተጠራው ያ ሒሳብ መርማሪ ነው። ብዙ ጊዜ ረግሜዋለሁ፤ ይቅር ይበለኝ። ወረቀት አውጥቶ በዓመቱ ከተሸጠው ጋር አባዛው፣ ደግሞ አባዛው። «ሁሉንም አይሸፍንም» አለ። «ግን አብዛኛውን ይሸፍናል። ቀሪው ጆንያ ሲቀደድ የሚፈሰውን ያህል ነው።» ዘመዳችን አይደለም፣ አልጠላንም፣ አልወደደንም። ያገኘውን ተናገረ። ለእሱም ዕድሜ ይስጠው።

ዳኛው ለሌላ ቀን ቀጠሩ። እስከዚያው ያሳለፍኩትን ሌሊትና ቀን አልጽፈውም። ፍርዱ ሲነበብ የገባኝ ግማሹ ነው፤ አቶ ዘርአ ዳዊት በጆሮዬ ይተረጉሙልኝ ነበር። ለራሷ ጥቅም አውላለች የሚለው አልተረጋገጠም። የተሰጣትን ንብረት ባለማስተዋል አጉድላለች፤ ለዚህ የታሰረችበት ጊዜ ይበቃታል። ከእንግዲህ የማኅበር ዕቃ አትረከብም። የመምሬም ዋስትና ወረደ።

እልል ልል አፌን ስከፍት ጠበቃው እጄን ያዙኝ። «ውጭ ወጥተው ይበሉት፤ እዚህ ያስቀጡኛል» አሉ።

ውጭ ወጥቼ እልል አልኩ። ዙቤዳም በእሷ ልማድ እልል አለች። የመምሬ ሚስት እንኳ ሳትወድ አገዘችን። አቶ ዘርአ ዳዊት ግን አልቆዩም፤ በሩ ላይ አንድ ሰው ከነሚስቱ ይጠብቃቸው ነበር፤ የመጋዘን ቁልፍ ይይዝ የነበረ ሰው። «ልጅዎ» ሊሉኝ ጀምረው የነበረውን ሳይጨርሱ ወደ እሱ ሄዱ። «በመጀመሪያ ዕቃው የት እንደሚቀመጥ ንገረኝ፤ በሩ በየት በኩል ነው የሚከፈተው?» ሲሉት ሰማሁ።

ከዚያ ወዲህ በእሸት ጊዜ ሁሉ ባቄላ ይዤ እሄዳለሁ። በራቸው ላይ ያለውን ጽሑፍ አሁን ቆሜ፣ ሳልገጣጥም አነበዋለሁ፤ ጠበቃና የሕግ አማካሪ ይላል። አንድ ዓመት ሄጄ በሩን ተዘግቶ አገኘሁት። ለሌቦች ለምን ትቆማለህ ተብለው ተጠርተው ነበር። ልብስ ሰፊው፣ «ይመለሳሉ፤ ክራቫታቸውን ለጥገና ትተውልኝ ነው የሄዱት» አለኝ። በኋላ ተመለሱ፤ ከስተዋል፣ ፀጉራቸው ነጥቷል። እሸቱን እየፈለፈሉ ስለ ታሰሩበት ቦታ ምንም አልነገሩኝም፤ የነገሩኝ እዚያ ስላገኙት አንድ ገንዘብ ያዥ ጉዳይ ነው። አብረዋቸው ሕግ የተማሩት ወደ ሱዳንም ወደ አዲስ አበባም ተበትነዋል። ወንድማቸው ከውጭ አገር ና ና ይላቸዋል። «እሄድ ነበር» አሉኝ አንዴ፣ «ግን በጠዋት ሰው ቀጥሬአለሁ።»

ወለተሐና አረርቲ ላይ ንግድ ጀመረች፤ የራሷን ጤፍ ትነግዳለች። የሄደች ዕለት መናኸሪያው ድረስ ሸኘኋት። በግመል መንገድ አይደለም፣ ተደብቃም አይደለም፤ በጠራራ ፀሐይ፣ በአውቶቡስ፣ በመስኮቱ እጇን እያውለበለበች ሄደች። አቶ ዘርአ ዳዊት ከልብስ ሰፊው ጀርባ እዚያው ቀሩ።